እትዬ ሰአዳ እና ቅቤ የተቀባው ኬክ

ሮቢት መንገድ ዳር ጎማ እያስለጠፍኩ ነበር። አንድ የማውቀው የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ሞላ፣ ሰማህ? ያቺ የኬኳ ሴትዮ ሞታለች፤ ከዙህር በኋላ ቀበሯት» ብሎኝ አለፈ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሰውን አስቀምጦ፣ ዘመድ ወዳጅ ሰብስቦ ነው። እኔን ግን ከሁሉም ያበገነኝ «የኬኳ ሴትዮ» ማለቱ ነው። ስም የላትም እንዴ? ቆቦ ውስጥ የዳረ፣ ያስመረቀ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ ሰው ሁሉ የሚያውቃት እትዬ ሰአዳ ናት። የጎማው ማስቲሽ በቅጡ ሳይደርቅ ባጃጄን አስነስቼ ወደ ቆቦ ከነፍኩ። መንገድ ላይ እያለቀስኩ እናደድ ነበር። እንዲያ ስከንፍ ብታየኝ ኖሮ ደህና አድርጋ ትሰድበኝ ነበር።

እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ስለ ራሴ ብዙ የሚወራ ነገር የለኝም። ከሮቢት እስከ ዋጃ፣ አንዳንዴም እስከ አላማጣ፣ የእትዬ ሰአዳን ኬክ ለዓመታት ያመላለስኩት እኔ መሆኔን ግን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። በሽተኛ እንደጫነ ሰው ቀስ እያልኩ ስነዳ ጓደኞቼ «አምቡላንሱ መጣ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ፤ እነሱ ሲሚንቶና ሽንኩርት ሲጭኑ እኔ ሙሽራ ነበር የምጭነው።

ሥራውን ያገኘሁት በፈተና ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተራ ይዘን ቆመን ሳለ አንዲት ቀይ ደርባባ ሴት ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። «በገበያው አዙሮ እዚሁ የሚመልሰኝ ማነው?» አለች። ሹፌሩ ሁሉ ሳቀ። አንዱ ተረበኛ፣ «እትዬ፣ ጸበል ነው?» አላት። «ጸበልስ አይደለም፤ ያንተን አመል የማይበት ነው» አለችውና እሱኑ መርጣ ገባች። ቀሚሷን አርሶ መለሳት። ሳህኑን እንደገና አስሞልታ ሌላ ባጃጅ ያዘች፤ እሱም አራሳት። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አስፋልቱ ላይ ያለው የብሬከር ጉብታ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ባጃጁን በእጄ እየገፋሁ ብሬከሩን አሻገርኳት። እትዬ ሰአዳ ከኋላ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሳቋ ምክንያት ውሃው ፈሰሰ። «ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ አንተ አልፈሃል» አለችኝ። «ቅዳሜ ሮቢት ሠርግ አለኝ፤ ባጃጅህን አጥበህ ና።»

ከእሷ በፊት ቆቦ ኬክ የሚያስመጣው ከወልድያ ነበር። ወልድያ ቀዝቀዝ ይላል። ኬኩ ከዚያ ሲነሳ አምሮበት ይነሳል፤ የእኛን ሜዳ ሲያገኝ ግን ጎኑ ይወርዳል፣ ክሬሙ ያልባል፣ የሙሽራውና የሙሽራዋ ስም ተንሸራትቶ ሳህኑ ላይ ይገናኛል። ሰዉም «ቆቦ ላይ ኬክ አይቆምም፤ አገሩ አይፈቅድም» ብሎ እጁን ሰጥቶ ነበር። ይቺን ወሬ ስትሰማ እትዬ ሰአዳ ደሟ ይፈላል። «ማሽላ ያበሰለ ፀሐይ ኬክ ከለከለን ይላሉ! እኛ ነን ያላወቅንበት» ትላለች።

አወቀችበት። ሥራዋን የምትጀምረው ፈጅር ሰግዳ፣ ፀሐይ ሳትከር ነው። የማስጌጫ ክፍሏ መስኮት ላይ ጆንያ አርጥባ ትሰቅላለች። ያንን ለስላሳ ክሬም ትታ ጠንከር ያለ የስኳርና የማርጋሪን ቅባት ትመታለች። ለመንገዱ ደግሞ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ እያደረገች በረዶ ታስይዝና በትልቅ ሣጥን ደርድራ ባጃጄ ላይ ትጭነዋለች። የቅባቱን ከረጢት ይዛ አበባ ስትጀምር ትንፋሿን ትይዛለች። ያኔ ማንም አያናግራትም፤ እንግዳ ቢመጣም በር ላይ ይቆማል። አበባው ሲያልቅ ትንፋሿን በረጅሙ ትለቅና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይቺ ተወለደች» ትላለች።

ቆነጃጅቱ ስልካቸውን ይዘው ይመጡባታል። ዱባይ ይሁን የት ይሁን ያልታወቀ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ኬክ አውጥተው «ይሄን ነው የምፈልገው» ይሏታል። እሷ መነጽሯን አድርጋ በደንብ ታየውና፣ «ያምራል፤ የእኔ እህት፣ ይሄ ግን አንቺን አያውቅሽም። ነይ ተቀመጪ፣ ስለ ራስሽ አውሪኝ» ትላለች። ከዚያ ልጅቷ ስለ ሰፈሯ፣ ስለ እናቷ፣ ከባሏ ጋር የት እንደተዋወቁ ስታወራ ቆይታ ሌላ ኬክ አዛ ትወጣለች። አንድ ገበሬ ልጁ በግብርና ተመርቆለት መጥቶ «ምን ላርግልህ?» ስትለው ያፈረ መሰለ። «እኔ ያስተማርኩት በማሽላ ነው፤ ሌላ ምን አውቃለሁ» አላት። እትዬ ሰአዳ ኬኩ ላይ የማሽላ ራስ ሠራችለት፣ ፍሬ በፍሬ፣ ወዲህ ዘንበል ያለ። እኔ ነኝ ያደረስኩት። ሰውየው ሣጥኑ ሲከፈት አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጁን እቅፍ አድርጎ ሲያለቅስ የተመረቀው ማን እንደሆነ ግራ ይገባ ነበር።

ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ መጥቶ የሄደ ለት ቤቷን ከፍታ ስትገባ ምድጃዋም፣ መምቻዋም፣ የኬክ ቅርጾቿም የሉም። እኔ በቃ አበቃ ብዬ ነበር። እሷ ግን በሳምንቱ የጎረቤት ብረት ድስት ተውሳ፣ ከሥር ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ፍም አድርጋ ትንሽ ኬክ ጋገረች። ከላይ ያደረገችው ቢጫ አበባ ብቻ ነው። የጎረቤቷ ሕፃን ልደት ነበር። «እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ ልደት ይከበራል?» ያሏት ነበሩ። «እንዲህ ባለ ጊዜ መወለዷ አንሶ ሳይከበርላት ይቅር?» አለቻቸው። የዚያን ለት በእሷ በጣም ኮራሁ።

ሠርግ ላይ የምትለው አንድ ነገር ነበራት። ወሎ ውስጥ መቼም ሠርግ ሲሆን እርድ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የእስላሙ ለብቻ፣ ወጡም ሳህኑም እንዲያው። «ሥጋው ሁለት ነው፤ ኬኩ ግን አንድ ነው» ትላለች። «ዳሱን ሙሉ ከአንድ ሳህን የማበላው እኔ ነኝ፤ ቀልድ መሰላችሁ?» ስለዚህ አንዱ ወገን የሚጠራጠረው ነገር ኬኳ ውስጥ አይገባም፤ የምትገዛው የማጣፈጫ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሰው አስነብባ ነው።

አሁን ወደ ዋጃው ሠርግ ልምጣ።

ዋጃ ላይ ስማቸው የተከበረ አንድ ቤተሰብ ነበሩ። የመጨረሻ ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ከአላማጣም ከወልድያም ከአዲስ አበባም እንግዳ ተጠርቷል። ሙሽራው «ኬኩን እትዬ ሰአዳ ትሥራው» አለ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ታላቅ እህቱ ግን ከደሴ ካልመጣ አለች። እትዬ ሰአዳ ባለችበት፣ «በዚህ ሙቀት ቢፈርስ በእንግዳ ፊት የምናፍረው እኛ ነን» ብላ ተናገረች። እትዬ ሰአዳ የእንግዳውን ቁጥር ጠይቃ ተነሳች። ወደ ቆቦ ስንመለስ ግን፣ «ሞላ፣ ይሄ ኬክ ከቆመ ከአላማጣ እስከ ወልድያ ይወራል። ከፈረሰ ደግሞ ቆቦ ላይ ኬክ አይቆምም ያሉት ሁሉ እውነታቸውን ነው» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከስኳር ሊጥ አበባ ስትሠራ ከረመች። ቅጠሎቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ነበሩ። እንዲያ ያለ ነገር በእጅ ይሠራል ብዬ አላምንም ነበር።

ደርቦቹን ለየብቻ ጭነን በሰላም ደረስን። ከዳሱ አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ አንዱን ባንዱ ላይ አቆመችው፤ ሦስት ደርብ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ አናቱ ላይ እነዚያ አበቦች። ዞር ብላ አየችው፤ ፈገግ አለች። ከዚያ «ዙህር ሳያልፈኝ ልስገድ» ብላ ወደ ጎረቤት ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሕፃናቱን እመልሳለሁ።

የመጡት ግን ሕፃን አልነበሩም። የሙሽራው አያት ናቸው። ዋጃ ላይ ትልቅ ሴት «አደይ» ነው የምትባል፤ እሳቸውን ሁሉ ሰው አደይ ብርሃን ይላቸዋል። ሙሽራውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ላይ ለጋ ቅቤ የሞላ ቅል ይዘዋል። የቤቱ ባለቤት በገዛ ቤታቸው ሲገቡ ማን ይከለክላል? እጅ ነስቼ አሳለፍኳቸው።

አደይ ብርሃን በሕይወታቸው እንዲያ ያለ ኬክ አይተው አያውቁም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ቤተሰቡ «ኬኩ መጣ? ኬኩ ደረሰ?» ሲል ሰምተዋል። ዞረው ዞረው አዩት። ራያ ላይ ሙሽራ ሲመረቅ፣ የተከበረ ሰው ሲሸለም፣ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል። አደይም ይህ ሁሉ ሰው ያከበረውን፣ ነጭ ለብሶ የቆመውን ነገር ደረቅ አናቱን አይተው ሊያልፉት አልሆነላቸውም። ከቅሉ አንድ እፍኝ ሙሉ ዛቁና «ለምልሙ፣ ውለዱ፣ ክበዱ» እያሉ አናቱ ላይ ጫኑት። በሁለት መዳፋቸው ጠበቅ አድርገው አሹት። የስኳሩ አበባ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። «አደይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ምን ዋጋ አለው።

ጩኸቴን ሰምታ የሙሽራው እህት መጣች። እንዳየችው እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እማማ! ምን አደረግሽ! አበላሸሽው እኮ! ማን ነው ያስገባት?» አለች። ሚዜዎቹም፣ ዘመዶቹም ክፍሏን ሞሏት። ከሙሽራዋ ወገን የሆነች አንዲት ሴት በሰው ትከሻ አሻግራ እያየች፣ «ይሄ ነው የተወራለት?» ስትል ሰማኋት። ቅቤው በሙቀቱ መቅለጥ ጀምሮ በነጩ ጎን ቁልቁል እየወረደ ነበር። አደይ ብርሃን የተቀቡ እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። እህትየዋ «ፎጣ አምጡ፣ ቶሎ ጥረጉት!» ስትል አሮጊቷ በቀስታ፣ «ምርቃቴን ነው የምትጠርጉት?» አሉ።

 የአያት ምርቃት ከልጅ ራስ ላይ በፎጣ ጠርጎ ሠርግ የሚደግስ ቤት ራያ ውስጥ የለም። ቅቤውን ትተው ያንን ኬክ ለእንግዳ ማውጣትም አይሆንም። ምን እንደሚሻል የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እትዬ ሰአዳ የገባችው ያኔ ነው። ሰዉን እየገፋች መጥታ ኬኩ ፊት ቆመች። ዓይኗ አበቦቹ ላይ አረፈ። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ፤ የማውቃት እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ከዚያ ወደ አደይ ዞር አለች። ነጠላቸው ውስጥ የደበቁትን እጅ አየች። የምትናገረውን የምትመርጥበት ጊዜ እንኳ አልወሰደችም።

«ኸረ ምነው ጮሃችሁባቸው? እኔ እኮ ነኝ ያስመጣኋቸው!» አለች። «ቅቤው እስኪመጣልኝ ነበር የምጠብቅ። የራያ ሠርግ ኬክ ያለ ቅቤ ያልቃል እንዴ?»

እህትየዋ «ምን?» አለች።

«አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ቆየሽና አገርሽን ረሳሽ» አለቻትና ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ጉልበት ሳመች። «አደይ፣ እጅዎ ይባረክ። ቅቤው ግን አነሰኝ፤ ቀርቷል?»

አደይ ብርሃን ትንሽ ትክ ብለው አዩዋት። «አለ፣ ልጄ» አሉ። ቅሉን ሰጧት።

«በሉ ሥራዬን ልጨርስ፣ ውጡልኝ። አደይ ብቻ ይቀመጡ» አለች። ሰዉ ሲወጣ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሞላ፣ በረዶውን!» አለችኝ። 

ሣጥኑን እየጎተትኩ አመጣሁ። ቅቤውን በከረጢት አድርጋ በበረዶው ጠርሙስ መሃል ቀበረችው፤ እሱ እስኪጠና የተሰባበረውን አበባ ለቅማ፣ የወረደውን ቅቤ በቢላ ጎን አስተካክላ ጎኑን አለሰለሰችው። ከዚያ ትንፋሿን ያዘች። ከአናቱ ጀምራ ቅቤውን በቀጭኑ እየሳበች፣ ሦስት ሦስት መስመር እየገመደች፣ ሹሩባ መሥራት ጀመረች። ልክ እንደ ራያ ሙሽራ፣ ከግንባር ወደ ኋላ፣ ጠበቅ ጠበቅ ያለ፤ መጨረሻው በኬኩ ጎን እስከ ታችኛው ደርብ ይወርዳል። ቅቤው ሲላላባት ታቆማለች፣ እኔ ሌላ የቀዘቀዘ ከረጢት አቀብላለሁ። አደይ ብርሃን ተነስተው መጡና በጣታቸው፣ «እዚህ ጋ ወደ ጆሮ ትጠምዝዝ» አሏት። ጠመዘዘችው። ከተሰበሩት አበቦች የዳኑትን ቅጠሎች እንደ ጨሌ በየሹሩባው ጫፍ ሰካቻቸው።

ኬኩ ዳስ ሲገባ ሙሽራዋ ራሷ ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ ተቀምጣ ነበር። ሰዉ አንድ ጊዜ ኬኩን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ። ከዚያ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጨፋሪዎቹ ዘፈናቸውን ትተው ለኬኩ ጨፈሩ። ያቺ «ይሄ ነው የተወራለት?» ያለችው ሴት እንኳ ስልኳን አውጥታ ስታነሳ አይቻታለሁ። ኬኩ ተቆርጦ ለሁለቱም ወገን እስኪታደል ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ በዚያ ዳስ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ የቆምኩትን አቋቋም ለገዛ ሠርጌም አልቆምኩት።

 ስንመለስ ዋጃን ለቀን ማሽላው መሃል እንደገባን እትዬ ሰአዳ «ሞላየ፣ አበቦቼ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ባጃጁን ጥግ አስያዝኩ። አልቅሳ ሲወጣላት፣ «እውነቱን ብትናገሪ ማን ይወቅስሽ ነበር?» አልኳት።

«እኔንማ ማን ይወቅሰኛል» አለች። «እሳቸውን ግን በገዛ ልጃቸው ሠርግ፣ ዕድሜ ልካቸውን መሳቂያ ያደርጓቸው ነበር። ኬክ ነገም እሠራለሁ። ይቺን ነገር ለማንም እንዳታወራ፤ ማል።»

በእናቴ ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቃል። የሹሩባ ኬክ ያልታዘዘበት የራያ ሠርግ አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ከአላማጣ ይመጣሉ፣ ከወልድያ ይመጣሉ፤ ድሮ ኬክ የምናስመጣባት ወልድያ! ያቺ የሙሽራው እህት ለልጇ ልደት አዲስ አበባ ድረስ አስጭናለች። ሰው «ሰአዳ እንዴት አሰበችው?» ሲለኝ «እሷን ጠይቋት» እላለሁ። እሷን ሲጠይቋት ትስቅና ወሬ ትለውጣለች።

እንግዲህ ያን ቀን ከሮቢት ከንፌ ስደርስ ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ተክሎ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተቀምጧል። ልጆቿ ያለቅሳሉ። እኔም ከሹፌሮቹ ጋር ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በነጋታው ረፋድ ላይ አንድ መኪና ቆመና ያ የዋጃው ሙሽራ፣ አሁን የልጆች አባት የሆነው፣ አያቱን ደግፎ አወረደ። አደይ ብርሃን በጣም አርጅተዋል። በድንኳኑ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። ከሴቶቹ መሃል አስቀመጧቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ቀና ብለው፣

«የሹሩባውን ኬክ የምታውቁ አላችሁ?» አሉ።

ያላወቀ አልነበረም።

«እሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ማንም አልላከኝም፤ ማንም ቅቤ አምጪ አላለኝም። አበባዋ ከእጄ ሥር ሲሰበር ተሰምቶኛል፤ ምን እንዳደረግኩ ያወቅሁት ያኔውኑ ነው። ልጆቼ ሲጮሁብኝ መሬት ብትውጠኝ ወድጄ ነበር። ይቺ ልጅ ግን ገብታ ዓይኔን እያየች፣ በልጆቼ ፊት፣ በአማቶቼ ፊት፣ እኔ ነኝ ያስመጣኋቸው አለች።»

የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። የእትዬ ሰአዳ ትልቋ ልጅ ማልቀሷን አቁማ፣ «ወላሂ፣ እማ ነግራን አታውቅም» አለች።

አደይ ዓይናቸውን ሲያዞሩ እኔ ላይ አረፈ። «በረዶ ታቀብል የነበርክ አንተ አይደለህም? አንተስ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልክ?»

«አስምላኝ ነው፣ አደይ። ለእርስዎ ክብር ብላ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔን ደግሞ ማንም አላስማለኝም» አሉ። «ብናገር ሰው ሹሩባው የሰአዳ ሐሳብ ሳይሆን የአሮጊት ስህተት ነው እንዳይል ፈርቼ ነው። ስሟ እንዲቆም ብዬ ነው። አሁን የእሷን ስም ከቦታው የሚያነሳው የለም፤ እኔም ወደ አፈሩ ተቃርቤያለሁ። በል ልጄ፣ መሐላህን ፈትቼልሃለሁ። ቆቦ ላይ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች ብለህ አውራው።»

እኔም ይኸው አወራሁት።